ያለፈው ዘመን ቤት ምን ያስተምረናል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታሪክ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በዚህ ስፍራ በተሰበሰብንበት ቀን፥ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው አርእስት የሕንጻ ሥራ ታሪክ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህስ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ጥቂት ሰው ነው፤ በቤት ውስጥ የማይኖር ግን የለም። ስለዚህ የሕንጻ ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገበሬው፥ የግንበኛው፥ የአናጢውና የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው።

በዚህ ዓመት በክበባችን ውስጥ ስለ አገራችን የቀድሞ ሕንጻዎች ስናነብ፥ ስንለካና ስንከራከር ቆይተናል። በመጀመሪያ ያሰብነው የአባቶቻችንን ሥራ እየዘረዘርን ለመኩራት ነበር። መኩራት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን መኩራት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሕንጻ ፊት ሦስት ጥያቄ ለማቅረብ ተስማማን፤ ይኸውም ከምን ተሠራ? ስለ ምን እንዲህ ተሠራ? ቢጎዳስ የሚጠግነው ማን ነው? የሚሉት ናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከእነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ያገኘነውን ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጥቀሳችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአክሱም እንጀምር። የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ መሆናቸውን ሁላችንም በትምህርት ላይ ሰምተናል። ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ነገር ግን ሐውልቱን ቀርቦ ለሚመለከተው ሰው ከትልቅነቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ሐውልቱ ቤት ነው። ከታች በር ተቀርጾበታል፤ ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ ላይ መስኮት ተደርድሮበታል፤ በየፎቁ መካከል ደግሞ ክብ ክብ የሆነ የእንጨት ጫፍ መሳይ ቅርጽ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። ይህን ቅርጽ ሊቃውንት የዝንጀሮ ራስ ብለው ይጠሩታል።

ይህ የእንጨት ጫፍ ከድንጋይ ላይ ምን ይሠራል? መልሱ የሚገኘው በዚያ ዘመን ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ነው። የአክሱም ግንበኞች ቤት ሲሠሩ ድንጋዩን በጭቃ እያያያዙ ይገነቡና፥ ግንቡ እንዳይሰነጠቅና እንዳይላላ በየመካከሉ ረዥም እንጨት ያጋድሙበት ነበር። ይህን ረዥም እንጨት ደግሞ በግድግዳው ውፍረት ልክ በሚያልፍ አጭር እንጨት ያስሩታል። የአጭሩም እንጨት ጫፍ ከግድግዳው ውጭ ብቅ ብሎ ይቀራል። እንግዲህ የዝንጀሮ ራስ የተባለው ለጌጥ የተፈለሰፈ ነገር ሳይሆን የማሰሪያው ጫፍ ነበር። በሐውልቱ ላይ ግን ድንጋዩ ወጥ ስለ ሆነ ማሰሪያ አያስፈልገውም። የቀረጹት ቤት ማለት ለእነሱ እንደዚያ ያለ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ትልቁ ሐውልት ዛሬ ተሰባብሮ ወድቆ ይገኛል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት የወደቀው ሲቆም ወይም ከቆመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ መሬት ውስጥ የገባው እግሩ ለቁመቱ የሚበቃ አልነበረምና። ይህን ስናነብ በክበባችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን የአባቶችን ጉድለት በአደባባይ መናገር ተገቢ አይደለም አልን። ሌሎቻችን ግን አባቶቻችን የቻሉትንም ያልቻሉትንም ማወቅ እነሱን እንደ ሠራተኛ ማክበር ነው አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በሁለተኛው ሐሳብ ነው። ከጎኑ የነበረው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ወራሪዎች ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በ2005 ከሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008ም በቀድሞ ስፍራው ቆመ። ይህን ሐውልት ለማቆም የዘመኑ መሐንዲሶች ብዙ ስሌትና ብዙ መሣሪያ አስፈልጓቸዋል። የጥንቶቹ ሠራተኞች የደፈሩት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከአክሱም በኋላ ያ የእንጨትና የድንጋይ አሠራር አልጠፋም። በትግራይ በገመድ ተሳቦ የሚወጣበት የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ከላሊበላ ከተማ አልፎ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ምርጊት ተራ በተራ ተነባብሮ ከዋሻው ጨለማ ውስጥ ደምቆ ይታያል። ከዚያም ወደ ላሊበላ ስንመጣ ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ፥ ግድግዳው ገባና ወጣ እያለ የእንጨቱንና የድንጋዩን መፈራረቅ አስመስሎ ተቀርጿል። በአለቱ ውስጥ ግን አንድም እንጨት የለም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከአክሱም ሐውልቶች እስከ ቤተ አማኑኤል ድረስ ብዙ መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ነገሥታት ተለውጠዋል፤ መዲናዋም ወደ ደቡብ ተዛውራለች። የግንበኛው እጅ ግን ከመምህሩ የተማረውን አልረሳም። አዲሱን ሲሠራ አሮጌውን ያስታውስ ነበር፤ አሮጌውን እያስታወሰ ደግሞ አባቶቹ ያልሞከሩትን ሠራ። የላሊበላ ጠራቢዎች ግድግዳ ከታች ወደ ላይ አልገነቡም፤ ከላይ ወደ ታች አለቱን እየፈለፈሉ ወረዱ እንጂ። የዝናቡም ውኃ በግቢው እንዳይጠራቀም መፋሰሻ ቦይ ቆፈሩለት። ያለፈውን ማክበርና አዲስ ነገር መፍጠር እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነገሮች አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሕንጻው ሲጎዳ የሚጠግነው ማን ነው? በምንስ ይጠግነዋል?

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መዲናቸው ካደረጉ በኋላ የተሠሩት ግንቦች ከጥቁር ድንጋይና ከኖራ የተገነቡ ናቸው። ፋሲል ግቢን የሚከበው የግንብ አጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ኖራ ማለት ነጭ ድንጋይ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ በውኃ ርሶ፥ በጉድጓድ ቆይቶ፥ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ የሚገኝ ማያያዣ ነው። ኖራ እየዋለ እያደረ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እርጥበትን በውስጡ አያፍንም፤ ግንቡም ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን አንዳንዶቹ ግንቦች ሲጠገኑ በኖራ ፋንታ ሲሚንቶ ገባባቸው። በ1941ም በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለው ጉዳት አደረሱ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ የቀድሞው ኖራ እንዲመለስ ብዙ ተደክሟል።

ሲሚንቶ መጥፎ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ለአዲስ ሕንጻ የሚሰጠውን ጥቅም ማንም ያውቃል። ነገር ግን በአሮጌ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ከድንጋዩ ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን በውስጥ ያፍነዋል፤ ከጊዜ በኋላም የሚፈርሰው ሲሚንቶው ሳይሆን ድንጋዩ ይሆናል። በላሊበላም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ1950ዎቹ ዓመታት የዝናቡን ውኃ ለመከላከል በአለቱ ላይ ሬንጅ ተቀባ፤ በኋላ ግን የሚጠቅም አለመሆኑ ስለ ታወቀ እንዲነሣ ተደረገ። በ2008 ደግሞ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹን ከዝናብ የሚጋርድ ትልቅ መጠለያ ተተከለ፤ የመጠለያው ክብደትና ነፋስ የሚያደርስበት መወዛወዝ ግን ካህናቱንና ነዋሪዎቹን አሳስቧቸዋል። እነዚህን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች ቅርሱን ሊያድኑ እንጂ ሊያጠፉ አልተነሡም። ሆኖም ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠግን ሰው በመጀመሪያ የተሠራበትን መንገድ ማወቅ አለበት።

ቅርስ ሲባል ግን ሐሳባችን ሁልጊዜ ወደ ድንጋይ ብቻ ባይሄድ መልካም ነው። በሐረር ጀጎል፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በተሠራው አጥርና በአምስቱ በሮች ውስጥ፥ የሐረሪ ቤቶች አሉ። በውስጣቸው መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ስለ ሆነ፥ እንግዳው፥ አባወራውና ወጣቱ እያንዳንዱ መቀመጫውን ያውቃል፤ ቤቱ ራሱ ሥነ ሥርዓት ያስተምራል ማለት ነው። በኮንሶ ዳገቱን በድንጋይ ካብ እየደገፉ እርከን የሠሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም ካቡን ይጠግናሉ፤ በየትውልዱም አንድ ግንድ ቆርጠው በአደባባይ ያቆማሉ። የዶርዜ ሰዎች ደግሞ ከቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት እጅግ ከፍ ያለ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡለታል፤ ስለዚህም ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ሲያረጅ ሌላ ይሠራሉ።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰብንበት። የዶርዜ ቤት ዕድሜው የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል፤ የጎንደር ግንብ ግን አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ነገር ግን የዶርዜውን ቤት የሚሠራ ሰው ዛሬም በመንደሩ አለ፤ ልጁም አጠገቡ ቆሞ ያያል። የጎንደሩን ኖራ እንደ ቀድሞው አዘጋጅቶ የሚገነባ ሰው ግን በብዙ ፍለጋ የሚገኝ ሆኗል። ታዲያ ከሁለቱ ይበልጥ የተጠበቀው የትኛው ነው? እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ሕንጻው ቆሞ ዕውቀቱ ከጠፋ ቅርሱ በግማሽ ወድቋል፤ ሕንጻው ቢወድቅና ዕውቀቱ ቢኖር ግን እንደ ገና ሊነሣ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ሁለቱም በአንድ ቀን ሲጠፉ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች ወዲህ የተሠሩት ቤቶች የኢትዮጵያውያን፥ የአርመኖች፥ የሕንዶችና የሌሎችም ሠራተኞች እጅ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ሰፊ በረንዳቸው፥ በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ የጣሪያ ክፈፋቸው፥ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ወፍራም ግድግዳቸው የዚያን ዘመን ኑሮ ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1907 የተከፈተው የጣይቱ ሆቴል ሲሆን፥ በ2015 የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሏል። በ2024 ደግሞ በፒያሳና በአካባቢው ለመንገድና ለከተማ ልማት ሲባል ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት ግን በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፥ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፥ በጥንቃቄ ታድሶ እንደ ገና ተከፍቷል። በአንድ ከተማና በአንድ ዓመት ውስጥ ማፍረስም ማደስም ታየ። እንግዲህ ማደስ የማይቻል ነገር አለመሆኑ ታውቋል።

አሮጌ ቤት ሁሉ አይፍረስ የሚል ሰው ካለ እኛ ከእሱ ጋር አንስማማም። ዝናብ በሚያስገባ፥ ውኃና መጸዳጃ በሌለው ቤት ውስጥ የሚኖረውን ሰው «ቤትህ ቅርስ ስለ ሆነ እንዳለ ተቀመጥበት» ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን «አሮጌ ነውና ይፍረስ» ማለትም በቂ ምክንያት አይደለም። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ተረት አለን። ይህ ተረት ለሳቅ ሲነገር ይኖራል፤ በሕንጻ ላይ ሲፈጸም ግን አያስቅም። በር ነቅሎ የሚሸጠው፥ ጥርብ ድንጋዩን ወስዶ አጥር የሚሠራበት፥ ዝም ብሎ የሚያየውም ሁሉ አብሮ ዘራፊ ነው።

አሁን ሁላችንንም በቅርብ ወደሚነካው ነገር እንመጣለን። በግቢያችን ውስጥ ከሁሉ በፊት የተሠራው የድንጋይ መማሪያ ቤት በቅርቡ ፈርሶ በስፍራው ፎቅ ሊሠራ እንደ ታሰበ ሰምተናል። ምክንያቱን እናውቃለን። ክፍሎቻችን ተጨናንቀዋል፤ በአንድ ወንበር ላይ ሦስትና አራት ሆነን የምንቀመጥ እኛው ነን። አዲስ ሕንጻ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። ስለዚህ ይህን የምንናገረው ልማትን ለመቃወም አይደለም።

በዚህ ዓመት የክበባችን አባሎች ይህን ቤት በሜትር ለክተን በወረቀት ላይ ነደፍነው። በተገኘው ውጤት ተደንቀናል። የግድግዳው ውፍረት ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። በበጋ ወራት፥ በቀትር ጊዜ፥ በአዲሱ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ሲያስጨንቀን በአሮጌው ክፍል ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ምክንያቱም ወፍራሙ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባውም። መስኮቶቹ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ስለ ተከፈቱ ነፋስ ያልፍባቸዋል፤ ብርሃኑም ከግራና ከቀኝ ስለሚገባ በሚጽፈው ሰው ደብተር ላይ ጥላ አይጥልም። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የተዘረጋው ለጌጥ ሳይሆን ዝናቡ ምርጊቱን እንዳያጥበው ነው። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ስለ ተሠራለት በክረምት ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል። በአዲሶቹ ክፍሎች ግን ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ መቋረጡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ቤቱን ሲሠሩ ከነበሩት ሰዎች አንዱን፥ ዛሬ አረጋዊ የሆኑ ግንበኛ አባት፥ ፈልገን አግኝተን አነጋገርናቸው። እሳቸውም ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ፥ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ስንት ቀን መቦካት እንዳለበት፥ ቱንቢ ጥለው ግድግዳውን እንዴት እንዳቀኑት፥ የማእዘኑ ድንጋይ ስለ ምን ረዥም መሆን እንደሚገባው አስረዱን። ይህን ሥራ ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ እንዳልተማረው በነገሩን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ ሌሎቻችንም ተከተልነው። የዚያን ቀን የታሪክ ትምህርት ማለት ምን እንደሆነ ገባን።

ስለዚህ በዚህ ክብረ በዓል ላይ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር፥ ለወላጆች ኮሚቴና ለቀድሞ ተማሪዎች ሦስት ነገር በትሕትና እናመለክታለን።

አንደኛ፥ አዲሱ ፎቅ በግቢው ውስጥ በሌላ ባዶ ስፍራ ሊሠራ የሚችል መሆኑ በዐዋቂዎች እንዲመረመር፥ የሚቻል ሆኖ ከተገኘም አሮጌው ቤት ተጠግኖ የመጻሕፍት ቤት እንዲሆን። ወፍራሙ ግድግዳና የሁለት ወገን ብርሃኑ ለንባብ የተመቸ ነው።

ሁለተኛ፥ የማይቻል ሆኖ ቢፈርስ እንኳ ከመፍረሱ በፊት በሙሉ ተለክቶ፥ ተነድፎና ፎቶግራፍ ተነሥቶ በመዝገብ እንዲቀመጥ፤ በሩ፥ መስኮቱና ጥርብ ድንጋዩም ተጠብቆ በአዲሱ ሕንጻ ላይ እንዲውል። እኛ የጀመርነውን ንድፍ ለዚህ ሥራ በደስታ እናስረክባለን።

ሦስተኛ፥ አዲሱን ሕንጻ የሚነድፈው መሐንዲስ አሮጌውን ቤት ገብቶ እንዲያየው። ነፋሱንና ብርሃኑን፥ የክረምቱን ዝናብና የበጋውን ፀሐይ እነዚያ ግንበኞች ያለ ትልቅ ትምህርት አስበውበታል። የዛሬው መሐንዲስ የበለጠ መሣሪያ ስላለው የበለጠ እንዲሠራ እንጂ ያነሰ እንዲሠራ አንፈልግም።

እናንት ጓደኞቻችንንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱት። ቋሚው ምን እንጨት ነው? ማገሩስ? ጣሪያውን የከደነው ማን ነው? አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉት። መጽሐፍ በመጻሕፍት ቤት ሊቆያችሁ ይችላል፤ አረጋዊ ግን አይቆያችሁም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እኛን ወደዚህ ትምህርት ቤት የላካችሁን እናንተ ካገኛችሁት የተሻለ እንድናገኝ ብላችሁ እንደሆነ እናውቃለን። የተሻለውን ለመሥራት ግን የነበረውን ማወቅ ያስፈልገናል። የላሊበላ ጠራቢዎች የአክሱምን ግንበኞች ባያውቁ ኖሮ ቤተ አማኑኤልን አይሠሩም ነበር። እኛም ነገ መሐንዲስ፥ አናጢ፥ መምህር ወይም ሹም ስንሆን በእጃችን የሚወድቀውን ቤት ከማፍረሳችን በፊት እንድንለካው፥ ከመጠገናችንም በፊት እንድንረዳው ይህ ትምህርት ቤት አስተምሮናል።